የጋፋት መንደር አነሣሥና አወዳደቅ

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ የተጓዘ ሰው ጋፋት ከሚባለው ጉብታ ይደርሳል። ቦታው ዛሬ ለሚያየው እንደ ማናቸውም የፋርጣ መሬት ነው፤ ይታረስበታል፥ ከብት ይሰማራበታል። ከ150 ዓመት በፊት ግን በዚህ ጉብታ ላይ የአራት የአምስት አገር ቋንቋ ይሰማ ነበር፤ እቶን ይነድድ፥ ወናፍ ይነፋ፥ መዶሻ ይመታ ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከታላላቆቹ ከተሞች ይልቅ ተስፋቸውን የጣሉበት መንደር ይህ ነበረ። ዕድሜው ግን ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ምእመን ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባውም። መንደሩ በፋርጣ ይሁን እንጂ፥ የመንደሩ ሠራተኞች የሠሩት ትልቁ ሥራ ወደ መጨረሻ ስፍራው የተጎተተው በጋይንት ምድር ላይ ነው። ለሥራውም ለጉዞውም ስንቅ የሆነው የበጌምድር ገበሬ ጎተራ ነው። የሸማ ለባሹንም የእረኛውንም ቤት ሳያንኳኳ ያለፈ ነገር አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሽንፈት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ፥ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን ደባርኪ በሚባል ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋግተው ነበር። ወታደራቸው ልበ ሙሉ ሲሆን፥ በሥርዐት ተሰልፎ የቆየው የግብጽ ጦር በመድፍ መትቶ መለሰው። ካሣ ያን ቀን አልረሱትም። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ከነገሡ በኋላ፥ ከኤውሮፓ ሰዎች አጥብቀው የሚሹት ወርቅ ወይም ሐር አልነበረም፤ የእጅ ጥበብ ነበረ። እርሳቸው በነገሡበት በዚያው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የሚባለውን የመስኮብ የባሕር ከተማ በመድፍ ይደበድቡ ነበር። የዚያ ጦርነት ወሬ እስከ በጌምድር ደርሶ ኋላ ለአንድ መድፍ ስም ሆኗል።

በ1848 ዓ.ም. ከስዊስ አገር፥ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ማርቲን ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንስለን የሚባሉት ቀድመው የገቡት ናቸው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር በ1851 ዓ.ም. ተከተሏቸው። እነዚህ ሰዎች የመጡት መጽሐፍ ለማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ኢትዮጵያ ሃይማኖቷን ከጥንት የያዘች አገር ስለ ሆነች፥ ማስተማራቸው በቤተ እስራኤል ወገን ብቻ እንዲወሰን አደረጉ። ፍላድ በዚያው በትምህርቱ ሥራ ሲቆይ፥ ከቀሩት ብዙዎቹ የንጉሡ አንጥረኞች ሆኑ። ከእነርሱ ጋር ደግሞ ከሚስዮን ያልሆኑ ሰዎች ተጨመሩ፤ ከመስኮብ ጦር ከድቶ የመጣው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ለእነዚህ ሁሉ የተሰጣቸው ስፍራ ጋፋት ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በጉብታው ላይ ቤት ሠሩ፥ አትክልት ተከሉ፥ የማቅለጫ እቶን አቆሙ። ዋልድማየርና ሳልሙለር ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ የሚጠራው የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ሴቶች ልጆች ባሎች ሆኑ። የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ሌሎቹም ከአገሩ ሴቶች ጋር ተጋብተው ልጆች ወለዱ። የሠረገላ መንገድ ቀየሱ። የአገር ልጆች ከእነርሱ ሥር ሆነው ብረት ማቅለጥ፥ እንጨት መጥረብ፥ መንኰራኵር መግጠም ተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ብዙ ጊዜ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መንደሩ ይመጡ፥ በእቶኑ አጠገብ ተቀምጠው ሥራውን ይመለከቱ ነበር። ሠራተኞቹን በበቅሎ፥ በሐር ቀሚስና በገንዘብ ይሸልሙ ነበር። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአንጥረኛ እቶን አጠገብ መቀመጡ ለዘመኑ መኳንንት ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ለማስተዋል የአገሩን ልማድ ማስታወስ ያሻል።

በዚህ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ተብሎ ይናቃል፥ ቡዳ ተብሎ ይፈራል። ገበሬው ማረሻውን፥ ካህኑ መስቀሉንና ጸናጽሉን ከእጁ ተቀብሎ ሲያበቃ፥ በማዕድ አብሮት አይቀመጥም፥ ልጁንም አይድርለትም። ይህ ነገር ከመጽሐፍ አልተገኘም። ኦሪት ስለ ደብተራ ኦሪት ስትናገር፥ ወርቅና ብር ናስም ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤልን ታመሰግናለች። ቅኔ ቤትም ራሷ ዕዳ አለባት። ባለቅኔው ሰምና ወርቅ ብሎ የሚጠራው መንገድ ስሙ ከወዴት መጣ? አንጥረኛ የሚሠራውን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፥ ሰሙን በጭቃ ይመርጋል፥ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። እንግዲህ ሊቁ ለጥበቡ ሁሉ ስም የተበደረው ከዚያ ከሚናቅ ሰው ደጅ ነው፤ ብድሩንም እስከ ዛሬ አልመለሰም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ከአንጥረኛ ጋር ከተቀመጡ ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሆኖም የጋፋት ሥራ በፈቃድ ብቻ አልተሠራም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍና ቦምብ እንዲያፈስሱላቸው ባዘዙ ጊዜ፥ ሚስዮናውያኑ ይህን ጥበብ አንችልም ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው፥ ከመካከላቸው መድፍ ያፈሰሰ አልነበረም። ንጉሡ ግን አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸውና ይሞክሩ ዘንድ ግድ አሏቸው። ሞከሩ፥ ከሸፈ። እንደ ገና ሞከሩ። ቅርጹ፥ ምድጃው፥ የወናፉ ኃይል አንድ በአንድ እየታረመ ሄዶ በመጨረሻ የቀለጠው ማዕድን በቅርጹ ውስጥ ሞላ፤ መድፉም ተተኰሰ። የንጉሡ ደስታ ታላቅ ነበር ይባላል። አንባቢ ግን ይህን ያስተውል፤ የመንደሩ የመጀመሪያ ሥራ በሰንሰለት ድምፅ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላም ሽልማቱና እስራቱ ከአንድ እጅ እየወጡ ኖሩ። ደግሞም እቶኑ የሚያቀልጠው ሁሉ ለጦር ሆነ እንጂ፥ ለገበያ የሚወጣ ማረሻ ወይም ለወፍጮ የሚሆን መንኰራኵር የጋፋት ዋና ሥራ ሆኖ አልታየም። እቶኑ የሚነድደው ንጉሡ እስካዘዘ፥ ንጉሡም ጠላት እስካለው ድረስ ብቻ ነበር።

ጋፋት ሊያድግ ይችልበት የነበረ አንድ ዘመን ነበረ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ በቆንስላው በካሜሮን እጅ ላኩ። መልስ ዘገየ። ንጉሡም እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስላውንና ሌሎችንም ኤውሮፓውያን አሰሩ። በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ሆርሙዝ ራሳም የንግሥቲቱን መልስ ይዞ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ለጥቂት ወራት የበረደ መሰለ፤ ራሳምና ጓደኞቹም በዚያው ዓመት በጋፋት ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ ግን ከደብዳቤ ይልቅ ጥበብን ፈለጉና፥ በሚያዝያ ወር ፍላድን የእጅ ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ እንግዶቹንም መያዣ አድርገው ወደ መቅደላ ሰደዷቸው። እንግሊዞች ሠራተኞቹን ከነመሣሪያው እስከ ምጽዋ ላኩ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን አንዲት እርምጃ አይገቡም አሉ። በ1859 ዓ.ም. እነዚያ መሣሪያዎች በቀይ ባሕር ዳር ተቀምጠው ከረሙ። ንጉሡ መሣሪያው ሳይገባ እስረኛ አልፈታም፥ እንግሊዞች እስረኛ ሳይፈታ መሣሪያው አይገባም እያሉ ወራት አለፉና ሠራተኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከታሰሩት ሰዎች ይልቅ የተመለሱት መሣሪያዎች ለዚህ አገር የባሰ ጉዳት ሆኑ ብሎ የሚናገር ቢገኝ፥ ፈጽሞ ተሳሳትህ ሊሉት አይቻልም።

በዚያው በ1859 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እየጠበበ ሄደ። ምኒልክ በሸዋ፥ ዋግ ሹም ጎበዜ በላስታ ጸንተዋል፤ በሌላውም አገር ሽፍታው በዝቷል። በኅዳር ወር ንጉሡ በጎንደር ላይ ገስግሠው ከተማይቱን ዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ታማኝ የነበረው በጌምድርም ከዚህ አላመለጠም፤ ገበሬው ተዘረፈ፥ ሰውም ከነቤቱ የተቃጠለበት ስፍራ ነበረ። የንጉሡን ታላቅ አሳብ የሚያደንቅ ሰው ይህን ገጽ ዘልሎ ማለፍ አይገባውም፤ የእቶኑ ከሰልና የሠራተኛው እንጀራ ከዚሁ ገበሬ የሚመጣ ነበርና፥ ንጉሡ አራሹን ሲያጠፉ ጋፋትንም ከሥሩ ይቈርጡ ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ወዲያ የጋፋት ተራ ደረሰ። ንጉሡ ኤውሮፓውያኑ ሊከዱኝ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩ፥ ወታደር ልከው መንደሩን አስከበቡ፤ ዕቃቸውን ያዙባቸው፥ እነርሱንም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወደ ደብረ ታቦር አመጧቸው። ጉብታው በዚያን ቀን መንደርነቱ አበቃ። እንግዲህ ጋፋትን ያጠፋው የውጭ ጠላት አይደለም፤ የሠራው እጅ ራሱ ነው።

ሰዎቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም፥ ሊተዉም አልተፈቀደላቸውም። የሁሉ ታላቅ የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተፈሰሰው በዚሁ በ1859 ዓ.ም. ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል፤ አፉ ሰፊ፥ ቁመቱ አጭር ነው። ከመሬት ለማንሣት እንኳ የሚያስቸግር ይህን ነገር ንጉሠ ነገሥቱ እስከ መቅደላ ሊወስዱት ቈረጡ።

በመስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከኋላቸው ምንም አላስቀሩም። ከወታደሩ በቀር ሴቶች፥ ልጆች፥ ሽማግሌዎች፥ እስረኞችና ኤውሮፓውያኑ ከነቤተ ሰባቸው አብረው ወጡ። መድፎቹ ኤውሮፓውያኑ በሠሩት ሠረገላ ላይ ተጫኑ። ሴባስቶፖልን ለመጎተት እስከ 500 ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ገመዱ የጠፍር ነው፥ ሞተሩ የሰው ደረት ነው። ቀድሞ መንገድ አልነበረም። መንገዱ የሚሠራው መድፉ ከመድረሱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነው፤ ድንጋይ ይፈነቀላል፥ ገደል ይቈረሳል፥ ጎድጓዳው ይሞላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው፥ አፈር በእጃቸው ዝቀው ይሠሩ ነበር፤ ይህን ያዩት ኤውሮፓውያን ሁሉ፥ የሚጠሉአቸውም ጭምር፥ ሳይመሰክሩ አላለፉም።

እንዲህ ሆኖ ጋይንት ገቡ። መከር የሚደርስበት ወራት ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አገር ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚተርፍ ማንም ያውቃል። ገበሬው ወደ ቈላው ሸሸ፥ ያልሸሸውም ተበረበረ። ሽፍታው በዙሪያው ነበረና፥ ከሰፈሩ ርቆ እንጨት ወይም ሣር ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም። በዚህ መካከል መድፉ በቀን ጥቂት ጥቂት እየተጎተተ ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጨጨሆ ደረሰ። የጨጨሆን ዳገት የሚያውቅ ሰው ሌላ መግለጫ አይሻም። ከጋይንት ወደ ዘቢጥ የሚያሻግረው ያ ጠባብ በር ነው፤ ባዶ እጁን የሚወጣው እንኳ ትንፋሹ ይቈረጣል። 70 ኩንታል ብረት በዚያ ወጣ። ስንት ሰው ከመንኰራኵሩ ሥር እንደ ቀረ፥ ስንቱ በረኃብ በመንገዱ ዳር እንደ ወደቀ የተጻፈ መዝገብ የለም። ካህናት በጸሎተ ፍትሐት ስማቸውን አልጠሩትም፥ ማን የት እንደ ሞተ የሚነግራቸው አልነበረምና። የነጮቹ ሠራተኞች ስም በመጻሕፍት ተጽፏል፤ ከእነርሱ ጋር በጋፋት ወናፍ የነፉትን፥ ሴባስቶፖልንም በትከሻቸው የጎተቱትን ኢትዮጵያውያን ታሪክ በጅምላ ብቻ ያውቃቸዋል።

ይህ መድፍ በሚጎተትበት ጊዜ በዚያው በጋይንት ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በቤተልሔም የድጓ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ምልክት ያርም ነበር፤ በዙር አባም ዝማሬና መዋሥዕት ይባል ነበር። የቤተልሔም ተማሪ በሰንሰለት የመጣ አይደለም፤ ለምዱን ለብሶ፥ አኰፋዳውን ይዞ፥ ቍራሽ እየለመነ የመጣ ነው። ንጉሥ ሲወድቅ መምህሩ አይወድቅም፤ መምህሩ ሲሞት ከተማሪዎቹ የበሰለው በወንበሩ ይቀመጣል። ስለዚህ ስንት ጦር በላዩ ሲያልፍበት የቤተልሔም ድጓ አልጠፋም፤ ከየአውራጃው ድጓ ሊያስመሰክር የሚመጣ እስከ ዛሬ ወደዚያው ይመጣል። ጋፋት ወንበር አልነበረውም። ጥበቡን የያዙት ሰዎች በአንድ ንጉሥ ቍጣ ተሰበሰቡ፥ በአንድ ንጉሥ ቍጣ ከስፍራቸው ተነቀሉ፤ ለተማሪው የሚተላለፍበት ጊዜም ፈቃድም አልተገኘም። ይህን በማነጻጸር አንጥረኛውን ከመዘምሩ ማሳነስ አይደለም። አንጥረኛው እንደ መዘምሩ የሚተካበት ሥርዐት ቢያገኝ ኖሮ፥ በዚያ አገር ሌላ ዓይነት ጉባኤ ቤት ይቆም ነበር።

ከጨጨሆ በኋላ ያለው ጉዞ በዋድላ ሜዳ ላይ ቀለል ቢልም፥ የጂዳን ገደል ወርዶ መውጣት፥ ከደላንታም የበሽሎን ሸለቆ መሻገር ነበረ። ከደብረ ታቦር በተነሡ በስድስተኛው ወር፥ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ጀነራል ናፒየር ዝሆንና የተራራ መድፍ ይዞ ከዙላ ባሕር ዳር ተነሥቶ በላስታ በኩል እየመጣ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በዋድላ ላይ ሲደርስ ንጉሡ ለመድፋቸው የቈረጡትን መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘውና፥ በእርሱው ተከትሎ መቅደላ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው የጠረጉት መንገድ ለጠላታቸው አገለገለ።

በሚያዝያ 3 ቀን፥ በዕለተ ስቅለት፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከአምባው ላይ ከተተኰሱት መድፎች ታላቁ በመጀመሪያው ጥይት ፈነዳ። ሴባስቶፖል አልተተኰሰም። የጋፋት ሁሉ ድካም፥ የጋይንት ሁሉ መከራ የተከፈለበት መድፍ በዚያ ቀን ዝም ብሎ ዋለ። በማግሥተ ትንሣኤ፥ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

የጋፋት ኤውሮፓውያን ከእስረኞቹ ጋር ወደ ባሕር ወርደው ተበተኑ። ዋልድማየር ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ጋር ወደ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤት አቆመ፤ ኋላም በቤይሩት አጠገብ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሃል በኢየሩሳሌም አገር በያፋ ተቀመጠ፤ በመቅደላ መፍረስ ሰሞን የተወለደችው ልጁ መግደላዊት ተባለች፤ ፒተር ኡስቲኖቭ የተባለው በዓለም የታወቀው የሲኒማ ተዋናይ የእርስዋ ልጅ ልጅ ነው። በጋፋት ጥበብ የተማሩት የአገር ልጆች ግን ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ቤቱ ላልተቃጠለበት። በመንደራቸውም ዕጣቸው ያው የቀድሞው የጠይብ ስም ሆነ። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በደብረ ታቦር ብዙ ጊዜ ሲቀመጡ፥ የጋፋት እቶን ዳግመኛ አልተለኰሰም።

እንግሊዞች መቅደላን ሲያቃጥሉ የቀሩትን መድፎች ሰባበሩ። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የወሰዱትን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወረዱ፤ ከመጻሕፍቱም የሚበዙት ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ነበሩ። ሴባስቶፖልን ግን የሚጭነው ዝሆን አልተገኘም። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ እውነተኛው መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪናም በነፋስ መውጫና በጨጨሆ ያልፋል።